ተራርቆ ፊልም መጨረስ

እሷ፦ ዛሬ የምናወራው በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሳይገናኙ ፊልም ስለጨረሱ ባለሙያዎች ነው።

እሱ፦ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2020 «ሆምሜድ» የተሰኘ የ17 አጫጭር ፊልሞች ስብስብ አውጥቷል። ዳይሬክተሮቹ በየአገራቸው ከቤት ሳይርቁ ነው የሠሩት። ጣሊያናዊው ፓውሎ ሶሬንቲኖ በትናንሽ አሻንጉሊቶች ንግሥት ኤልሳቤጥንና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስን አገናኝቷል።

እሷ፦ ድንቅ ነው! እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከቀረጻ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ኤዲተሩና ዳይሬክተሩ በተለያየ ከተማ ሆነው እንዴት ይጨርሱታል?

እሱ፦ ዋናው ምስል ግዙፍ ስለሆነ በደካማ ኢንተርኔት መላክ ይከብዳል። ስለዚህ ጥራቱ የተቀነሰ ቅጂ ይዘጋጅና ኤዲተሩ በእሱ ይሠራል። ሲጨርስ የሚመልሰው የት እንደቆረጠና እንደቀጠለ የሚያሳይ ትንሽ ፋይል ብቻ ነው። ዋናውን የያዘው ባልደረባ ደግሞ በፋይል ስምና በታይምኮድ፣ ማለትም በምስሉ ላይ በተመዘገበው የጊዜ ምልክት፣ እያመሳከረ ትልቁን ምስል በቦታው ይመልሳል።

እሷ፦ ቀለሙስ? የአንተና የእኔ ስክሪን እኩል አያሳዩም።

እሱ፦ ልክ ነሽ። የመጨረሻው ውሳኔ በትክክል የተስተካከለ ሞኒተር ላለው ባለሙያ መተው አለበት። በስልክ አይቶ «ጨለመ» ማለት ሥራ ያበላሻል።

እሷ፦ ይህ አሠራር ወረርሽኙ አለፈ ተብሎ መተው የለበትም ባይ ነኝ። አዲስ አበባ የተቀረጸን ፊልም ዋሽንግተን ያለ ወገን ሊያቀናብረው ይችላል።

እሱ፦ እስማማለሁ። ወጣቶቻችን ከመቅረጻቸው በፊት በፋይል አሰያየም ይስማሙ፤ ዋናውን ምስልም ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ያኔ ርቀቱ አያግዳቸውም።