እሴይ ለልጆቹ ምን ላከ?

ልጆቻቸው ወታደራዊ አካዳሚ ለገቡ ወላጆች
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 17፥12-22

ስለ ዳዊትና ስለ ጎልያድ ስብከት ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ወንጭፉን እናውቃለን፣ ድንጋዩን እናውቃለን፣ የወደቀውንም ግዙፍ ሰው እናውቃለን። ዛሬ ግን ወደ ጦር ሜዳው አልወስዳችሁም። የምወስዳችሁ ወደ ቤተ ልሔም፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ሽማግሌው እሴይ ይባላል። ሦስቱ ታላላቅ ልጆቹ ከንጉሥ ሳኦል ጋር ዘምተዋል። ጎልያድ አርባ ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ እየወጣ ሲፎክር፣ እሴይ ያንን አርባ ቀን ያሳለፈው ቤቱ ተቀምጦ ነው። ስልክ የለ፣ ፖስታ የለ። ልጆቹ ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ይህን ለምን አነሣሁ? እዚህ አሜሪካ ባለነው ወገኖች መካከልም እሴዮች አሉና ነው። ልጆቻችን አድገው ዌስት ፖይንት የምድር ጦር አካዳሚ፣ አናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የአየር ኃይል አካዳሚ እየገቡ ነው። እኔም አንዱ እሴይ ነኝ። የእኔ ልጅ የገባው አናፖሊስ ነው። ቤታችን ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ ከአካዳሚው በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ያንን በጋ ግን ከዚያ ይልቅ ጨረቃ ላይ ያለ ነበር የሚመስለኝ።

ውትድርና ስንል ምን ይሰማናል?

እውነቱን እንነጋገር። ከአገራችን የመጣን ሰዎች «ወታደር» የሚለውን ቃል የምንሰማው እንደ ጎረቤቶቻችን አይደለም። የደርግን ዘመን ያየ ሰው የብሔራዊ ውትድርናን ጥሪ ያስታውሳል። የቀበሌውን ዝርዝር፣ አፈሳውን፣ ልጇን ቆጥ ላይ የደበቀችውን እናት ያስታውሳል። የባለቤቴ ወንድም እንደዚያ ሄዶ አልተመለሰም። ስለዚህ ልጃችን የመቀበያ ደብዳቤውን ይዞ እየሮጠ ሲመጣ እሷ እልል አላለችም። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

እኔስ? እኔ ደግሞ በተቃራኒው አበድኩ! ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን መንግሥት ይችላል። ለመግባት እንኳ ከኮንግረስ አባል ወይም ከሌላ ሥልጣን ካለው ሰው ዕጩነት ማግኘት ያስፈልጋል። ልጄ ይህን ሁሉ አልፎ ገባ። ደስታዬን ለመላው ጉባኤ አወራሁ። ለእድሩ፣ ለዘመዱ፣ አዲስ አበባ ላለው ሁሉ ደወልኩ። ፍርሃት እናቱን ያዛት፣ ኩራት እኔን ያዘኝ። ሁለታችንም ስለ ራሳችን ስሜት ስንጨነቅ፣ ልጁ ምን ይሰማው እንደነበር የጠየቀው አልነበረም።

በዚያ በጋ ምን ይሆናል?

የማያውቁት ነገር ከሚያውቁት ይልቅ ያስፈራልና ልንገራችሁ። በአናፖሊስ የመጀመሪያው ሥልጠና «ፕሊብ ሰመር» ይባላል። ከሰኔ ወር መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ሰባት ሳምንት ያህል ይቆያል። በገቡበት ቀን ወንዶቹ ፀጉራቸው ይላጫል፣ ነጭ የመርከበኛ ልብስ ይሰጣቸዋል፣ ሰላምታ አሰጣጥ ይማራሉ፣ ማታ ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ከዚያ ከወላጅ ጋር ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቷቸው ባንክሮፍት ሆል ወደሚባለው ትልቅ ማደሪያ ይገባሉ። በሩ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የለም፣ ፊልም የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ስልክ የሚፈቀደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ገና ሲነጋ ለስፖርት ይነሣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ፣ ሲዋኙ፣ ሲሰለፉ፣ ጀልባ ሲማሩ፣ ከትንሽ መጽሐፍ በቃል ሲያጠኑ ይውላሉ። የሚያሠለጥኗቸው የሚበዙት ከእነሱ ጥቂት ዓመት የሚቀድሙ ተማሪዎች ናቸው፤ ይጮኹባቸዋል። አዲሱ ሠልጣኝ ሲጠየቅ እንዲመልስ የሚፈቀዱለት መልሶች አምስት ናቸው። ከአምስቱ አንዱ «ሰበብ የለኝም» የሚል ነው። ይቺን መልስ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ እሴይ እንመለስ። ይህ ሽማግሌ ሦስት ነገር አደረገ።

አንደኛ፣ ስንቅ ላከ እንጂ ሊያወጣቸው አልሄደም።

ዳዊትን ጠርቶ የተጠበሰ እሸትና አሥር እንጀራ ለወንድሞቹ አስያዘው። የቤት ምግብ ነው። ጋሻ አልላከም፣ ሰይፍም አልላከም። «ልጆቼን መልሱልኝ» የሚል ሽማግሌም አልላከም።

ወላጆች ሆይ፣ የእናንተ ስንቅ ደብዳቤ ነው። እሽግ ከመላካችሁ በፊት አካዳሚው ምን እንደሚፈቅድ መመሪያውን አንብቡ። ጩኮና ዳቦ ቆሎ የማይደርስበት ጊዜ አለ። ደብዳቤ ግን ይደርሳል። አጭር ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። ታናሽ እህቱ በኳስ ጨዋታ ምን እንዳደረገች፣ ጎረቤት አጥሩን ምን ቀለም እንደቀባ፣ እሑድ ምን እንደተዘመረ ጻፉ። ተራ ወሬ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጮኽበት ለዋለ ልጅ ቤቱ በቦታው እንዳለ ይነግረዋል። «እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነው» አትበሉ። የኔም ተሰባብሯል። ልጄ ግን ሰዋስው ሊያርምልኝ አልነበረም የሚያነበው።

አንድ ነገር ግን አትጻፉ፦ «አንተ ከሄድክ እንቅልፍ የለንም፣ እናትህ እህል አልቀመሰችም»። እኛ ፍቅራችንን እንዲህ መግለጽ ለምደናል። ልጁ ግን ሸክሙን ተሸክሞ ይሮጣል፣ የእናንተን አትጨምሩበት። አልቅሱ፣ እምባ ኃጢአት አይደለም። ከስልኩ በፊት አልቅሱ፣ ከስልኩም በኋላ አልቅሱ። በበጋው የሚነሡ ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ ባለቤቴ ሌሊት ተቀምጣ በመቶ ከሚቆጠሩ የተላጩ ጭንቅላቶች መካከል አንዱን ትፈልግ ነበር። «ከስቷል» ትላለች፣ «ጠቁሯል» ትላለች። ከዚያ ታለቅሳለች። ጠዋት ግን ደብዳቤዋን የምትጽፈው ስለ ድመቷ ነበር። ይህ ሐሰት ሳይሆን ፍቅር ነው።

ሁለተኛ፣ ለሻለቃቸውም ላከ።

አስተውላችሁታል? እሴይ አሥር አይብ ለይቶ ለልጆቹ አለቃ ልኳል። ከእንግዲህ በልጆቼ ላይ ሌላ አዛዥ አለ ብሎ ተቀበለ ማለት ነው። ለአባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ልጅን እስኪያገባ፣ ካገባም በኋላ ማዘዝ የለመድን ሰዎች ነን።

ልጃችሁ ተጮኸበት ብላችሁ ወደ አካዳሚው አትደውሉ። ይልቅ ስለ አሠልጣኞቹም በስማቸው ጸልዩ፣ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ይህ ማለት ግን አፋችሁን ዝጉ ማለት አይደለም። ልጃችሁ ስለ ጉዳት ወይም ስለ በደል ቢነግራችሁ ስሙት፣ የሚመለከተውን መኮንን በአክብሮት ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ቢደርስም እንዲሁ ለአለቆቹ አሳውቁ። እኛ መርዶ መደበቅ ልማዳችን ነው፤ «ሥልጠናውን ይጨርስ፣ ከዚያ ይነገረዋል» እንላለን። አያቱ ሞታ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሰማ ልጅ ግን ሐዘኑ ሁለት ይሆንበታል፦ አንዱ ለአያቱ፣ ሌላው በእናንተ ላይ ለነበረው እምነት። በአካዳሚው ቄሶች፣ ቻፕሊን የሚባሉት፣ አሉ። ከጎኑ ሰው ባለበት እውነቱን ይስማ።

ሦስተኛ፣ ደኅንነታቸውን ጠየቀ።

እዚህ ላይ ነው ጌታ እኔን የያዘኝ። እሴይ ዳዊትን ሲልከው «ስንት ፍልስጥኤማዊ ገደሉ? ማዕረግ አገኙ ወይ?» ብለህ ጠይቅ አላለውም። ደኅና መሆናቸውን እይ፣ ከእነሱም ምልክት አምጣልኝ ነው ያለው። አባት የፈለገው የልጆቹን ድል ሳይሆን ልጆቹን ነበር።

እኔስ ምን ጠየቅሁ? የመጀመሪያው ስልክ በእሑድ ቀን መጣ። ቤተሰቡ በሙሉ ስልኩን ከብቦ ቆሟል። ድምፁ ሻክሯል። «አባ፣ በጣም ደክሞኛል። ይህ ለእኔ መሆኑን አላውቅም» አለኝ። ወገኖቼ፣ ያኔ ምን ብል ጥሩ ነበር? እኔ ግን «አይዞህ! ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ በአንተ ይኮራል። እንዳታሳፍረን!» አልኩት።

ዝም አለ። ደቂቃው ይቆጠራል፣ እሱ ዝም ብሏል። እናቱ ስልኩን ከእጄ ቀማችና «የኔ ጌታ፣ ዛሬ ምን በላህ?» አለችው። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሰዓቱ አለቀ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ባለቤቴ ምንም አልተናገረችኝም። ወደ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የፈራችው እናት ልጇን ጠየቀች፣ የኮራው አባት ግን ስሙን ጠየቀ። ልጄን ወደዚያ ቦታ ያስገባው ደርግ አይደለም፣ በገዛ ፈቃዱ ነው የገባው። መውጫ በሩን የዘጋሁበት ግን እኔ ነኝ። ቀበሌ አላፈሰውም፣ ይሉኝታ ግን አፈሰው።

ሕጉ እንኳ ከእኔ ይልቅ ርኅሩኅ ነበር። ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ከመጀመሩ በፊት ቢተው የአገልግሎት ግዴታ አይከተለውም። ያንን መስመር ካለፈ ነው ግዴታው የሚጸናበት፤ ሲመረቅም ቢያንስ አምስት ዓመት በመኮንንነት ያገለግላል። መንግሥት ለማሰቢያ ሁለት ዓመት ሲሰጠው፣ አባቱ ሁለት ሳምንት ነፈገው።

በዚያች ሌሊት ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። «ልጄ፣ ደክሞሃል ስትለኝ አልሰማሁህም። ሰበብ የለኝም። ብትቀጥል ልጄ ነህ። ብትመለስም ልጄ ነህ፣ አልጋህ ተነጥፏል። በደከመህ ቀን ማታ አትወስን፣ እንቅልፍ ወስዶህ ስትነሣ አስብ። የምትወስነው ግን አንተ ነህ። ለሰው መንገር ካስፈለገ እኔ እነግራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ገጽ ያስቸገረኝ ስብከት የለም።

እንዳትሳሳቱ፣ «ና፣ ላውጣህ» አላልኩትም። የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ መውጣት አይፈልግም። አንዳንዱ ማልቀስ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አልቅሶ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። በሚቀጥለው ስልክ ቁጣ ቢመጣባችሁም አትደንግጡ። ዳዊት ስንቁን ተሸክሞ ሲደርስ ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ምን አደረገ? ተቆጣው፣ ሰደበው። እንጀራ ይዞ የመጣውን! ጎልያድን አርባ ቀን የሰማ ሰው ወንድሙ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ስንቃችሁን አድርሱ፣ ምስጋናው ይቆይ።

በነሐሴ የወላጆች ቅዳሜና እሑድ ደረሰና ሄድን። እናቱ ዶሮ ወጡን መኪና ውስጥ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ነጭ የለበሰ ወጣት ወደ እኛ መጣ፣ አላወቅነውም፣ አለፍነው! «እማ» ሲላት ነው ዞር ያልነው። ስለ ደብዳቤው ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ማታ ወደ ማደሪያው ከመመለሱ በፊት ግን ለእናቱ «አባ የጻፈውን አንብቤዋለሁ» ብሏታል። ምልክቴ ያ ነበር። በቃኝ።

ልጄ ቀጠለ። ከምናውቃቸው ቤተሰቦች አንዲት ልጅ ደግሞ ሌላ አካዳሚ ገብታ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። በማግስቱ እሑድ አባቷ እጇን ይዞ የፊተኛው ወንበር ላይ ከጎኑ አስቀመጣት። ሰው ሊያጉረመርም ሲል አባትየው ቀና ብሎ አየ፣ ሁሉም ዝም አለ። ያ ሰው ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

ሐና ሳሙኤልን በሴሎ ትታው ስትመለስ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። አስቡት፣ ልጁን ሳታየው ነው ልኩን የምትገምተው። የአምናውን ልክ ብትሰፋ አይገባውም። እኛም ልጆቻችንን በአምናው ልክ አንጠብቃቸው፤ አድገዋል።

ውድ አንባቢ፣ ልጅህ በዚህ በጋ የሚገባ ከሆነ፣ ልጅሽ አሁን እዚያ ያለች ከሆነ፣ ይህን ወረቀት አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሌላ ወረቀት አውጡ። ድሉን ሳይሆን ደኅንነቱን ጠይቁ። ይሉኝታ አፋችሁን ይዟችሁ ከሆነ «ሰበብ የለኝም» ብላችሁ ጀምሩ። ብቻችሁን አትሁኑ፣ የሌሎች ሠልጣኞችን ወላጆች ፈልጉ፣ በቋንቋ አትፈሩ፤ የእናት ጭንቀት አስተርጓሚ አያሻውም።

እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ ልጆቻችን ከእጃችን ወጥተዋል፣ ከእጅህ ግን አልወጡም። ዛሬ ማታ ደክሞት የተኛውን አሳርፈው። ለመቀጠል ለሚያስበው ጉልበት ስጠው፣ ለመመለስ ለሚያስበውም የተከፈተ በር ስጠው። እኛን ወላጆቹን ከፍርሃታችንና ከኩራታችን አድነን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።