በመኪና መስኮት ስለሚገባው የነፋስ ጩኸት
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ እናቴን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ይዣቸው መጣሁ። መኪናይቱ ከሌላ ሰው እጅ የገዛኋት አሮጌ ናት፤ መንገዱም የፍጥነት መንገድ ስለ ሆነ ከወትሮው ይልቅ ፈጠን ብዬ እነዳ ነበር። እናቴ ከኋላ መቀመጫ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ነፋሱ በመስተዋቱ ጠርዝ እያፏጨ ባስቸገረኝ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ይኸውም ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ደርሰን መኪናይቱ ስትቆም ጩኸቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ እናቴ «ልጄ፣ ከሞጆ ጀምሬ ስጠራህ አልሰማህም» አሉኝ። ዞር ብዬ ባይ ነፋሱ ጆሯቸውን ቢመታቸው የነጠላቸውን ጫፍ አጥፈው በመስተዋቱና በበሩ መካከል ወትፈውበታል። የዕለት እንጀራዬ ለሰው ድምፅ ማሰማት ሆኖ ሳለ፣ ክንድ ከማይሞላ ርቀት እናቴ ሲጠሩኝ አለመስማቴ አሳፈረኝ። የዛሬውን ንግግር ያዘጋጀሁትም ስለዚህ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጩኸት ከየት ይመጣል? እረኛ ትንፋሹን በዋሽንቱ አፍ ጠርዝ ላይ ሲያሳልፍ ድምፅ ይወጣል። በመኪና መስኮት የሚሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ባለጋራዦች ጎሚኒ እያሉ የሚጠሩት ላስቲክ አለ፤ እርሱም ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የበሩን ዙሪያ የሚከብበው ሲሆን፣ በሩ ሲዘጋ ተጨፍልቆ ክፍተቱን እንዲሞላ ውስጡ ክፍት ሆኖ የተሠራ ነው። ሁለተኛው መስተዋቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተትበት፣ ውስጡ ጠጉር የለበሰ ቦይ ነው። ሦስተኛው በመስተዋቱ ግርጌ ሆኖ ውኃና አቧራ የሚጠርገው ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የጠጉር ያህል ክፍተት ሲገኝ፣ መኪናው ሳንፈልገው ዋሽንት ይሆንብናል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መኪናው ሲሮጥ በጎኑ የሚያልፈው አየር፣ ይልቁንም በፊት መስተዋቱ ዳርና በስፖኪዮው አጠገብ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምርም ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት በውስጥ ያለው አየር በልጦ የበሩን የላይኛውን ክፍልና መስተዋቱን ወደ ውጭ ይገፋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ የነፋሱ ኃይል በባሕር ወለል ከፍታ ሲሰላ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 47 ኪሎ ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው። እንግዲህ ቆሞ ሳለ በደንብ የሚገጥመው ላስቲክ በሩጫ ጊዜ ሊላቀቅ ይችላል። መኪናውን አቁሞ የሚመረምር ሰው ብዙ ጊዜ «ምንም የለውም» ብሎ የሚመልሰን ስለዚህ ነው።

የፍጥነቱም ነገር ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 ነፋስ እንዴት ድምፅ እንደሚፈጥር አስረዳ፤ ከርል የተባለው ሌላ ሊቅም በ1955 ትምህርቱን ነፋስ ጠጣር ነገር ሲነካ ወደሚነሣው ድምፅ አሰፋው። ከዚህ ትምህርት እንደሚታወቀው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የዚህ ዓይነቱ ድምፅ ኃይል 64 ጊዜ ያህል ያድጋል። ጆሯችን 64 ጊዜ አድርጎ ባይሰማውም ልዩነቱ 18 ዴሲቤል ያህል ነው። በከተማ ውስጥ ያልሰማነው ፉጨት ከከተማ ስንወጣ የሚያደነቁረን በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እየበዙ በመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ውስጥ የነፋሱ ድምፅ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል፤ የሚሸፍነው የሞተር ድምፅ የለምና።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከዚያ ጉዞ በኋላ መኪናዬን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁ። ባለሙያው ሳይመረምር የአራቱንም በሮች ላስቲክ መለወጥ አለብህ አለኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ገንዘቤን ከፈልሁ። አዲሱ ላስቲክ ከመጠን በላይ ወፍራም ስለ ነበረ በሩ በኃይል ካልተመታ የማይዘጋ ሆነ። ፉጨቱ ግን እንደ ነበረ ነበረ። በመጨረሻ ነገሩን ያስታወሰኝ የእናቴ ነጠላ ነው። እርሳቸው የወተፉት የበሩን ዙሪያ አልነበረም፤ መስተዋቱ የሚገባበትን ቦይ የላይኛውን ማዕዘን ነበር። ቦዩን ከፍቼ ባየው ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ አቧራ ደርቆበት መስተዋቱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ከልክሎታል። ያስፈለገው ውኃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አድማጮች ሆይ፤ ከመጠገን በፊት ስፍራውን ፈልጉ። የአፈላለጉም መንገድ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ አንድ የወረቀት ቁራጭ በበሩ መካከል አድርጋችሁ በሩን ዝጉ፤ ከዚያም ወረቀቱን ሳቡት። ሳይታገል ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ በዚያ ስፍራ ላስቲኩ አይጫንም ማለት ነው። እንዲህ እያላችሁ የበሩን ዙሪያ በስንዝር በስንዝር ፈትኑ።

ሁለተኛ፤ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር በበሩና በመስተዋቱ ክፍተቶች ላይ ከውጭ ለጥፋችሁ፣ በአንድ መንገድና በአንድ ፍጥነት ተጓዙ። ፉጨቱ ከጠፋ ፕላስተሩን አንድ በአንድ እያነሣችሁ ድገሙት፤ የትኛው ሲነሣ ድምፁ እንደ ተመለሰ ታውቃላችሁ። በዚህ ጊዜ የማዳመጡ ሥራ አብሮ ለሚሄድ ሰው ይሰጥ፤ የነጂው ዓይንና ልብ ከመንገዱ ላይ መነሣት የለበትም። ክፍተቱ ሁሉ ተለጥፎም ድምፁ ካልጠፋ ስፖኪዮውን፣ በጣሪያው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ወይም ጎማውን ተመልከቱ።

ስፍራው ከተገኘ በኋላ ጥገናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ላስቲኩን ለስላሳ ሳሙና ባለው ውኃ አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ለላስቲክ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀቡት። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ግን አታስነኩት፤ ዛሬ የሚሠራው አብዛኛው የበር ላስቲክ ፀሐይንና ዝናብን የሚችለውን ያህል የነዳጅን ዘይት አይችልም፤ ያብጥና ቅርጹን ያጣል። የተላቀቀው በተስማሚ ማጣበቂያ ይያዝ። የተሰነጠቀውና ለዘለቄታው የተጨፈለቀው ደግሞ ለመኪናው ዓይነት በተሠራ ይለወጥ፤ እንደ እኔ ወፍራም ነው ተብሎ አይገዛ። ላስቲኩ ደኅና ሆኖ በሩ ራሱ ያዘነበለ እንደ ሆነም፣ ማጠፊያውንና መያዣውን ብረት አስተካክሎ ማሰር የባለሙያ ሥራ ነው። ክፍተት ለመድፈን ሲባል ከበሩ በታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች መዝጋት ግን ታላቅ ስሕተት ነው፤ ውኃው በበሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ላሜራውን በዝገት ይበላዋል።

ይህን ሁሉ መናገሬ ለምቾት ብቻ ብዬ አይደለም። ከጩኸት ጋር ሲታገል የዋለ ነጂ ይደክማል፤ የደከመም ነጂ የአምቡላንስን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማል፤ ከኋላው የተቀመጠውን ሕመምተኛ ወይም ሽማግሌም ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ሬዲዮን ከፍ ማድረግ ደግሞ በአንዱ ጩኸት ላይ ሌላ ጩኸት መጨመር ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት በዚህም ላይ ይሠራል። የሬዲዮ ሰው ሆኜ ይህን መናገሬ የሚያስገርማችሁ ብትሆኑም፣ በመኪናችሁ ውስጥ ነፋስ ሲያፏጭ ድምፄን ከፍ አታድርጉብኝ፤ ይልቁንስ ዝቅ አድርጉኝና ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ አዳምጡ። ምናልባትም ከኋላችሁ የሚጠራችሁ ሰው ይኖር ይሆናል።