ከትንፋሽ ጋር የሚገባ የጨረር ትቢያ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ



ሰው የሚበላውን ምግብ መርጦ ይበላል፤ የሚጠጣውንም ውኃ አጣርቶና አፍልቶ ይጠጣል። ትንፋሹን ግን ብዙ ሊያቆየው አይችልም። በቀን 20,000 ጊዜ ያህል አየር ስናስገባና ስናስወጣ፣ አብሮት የሚገባውን ትቢያ ማንነቱን ጠይቀን ለማሳለፍ ጊዜ የለንም። ታዲያ ከዚህ ትቢያ መካከል ጨረር የሚያወጣ የተገኘ እንደ ሆነ በሰውነታችን ውስጥ ወዴት ይሄዳል? በየት በኩልስ ይወጣል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

በመሠረቱ ሰውነታችን ያለ ዘበኛ አልተተወም። ከፍ ከፍ ያለው ቅንጣት በአፍንጫ ፀጉርና እርጥበት ተይዞ በንፍጥና በማስነጠስ ይወጣል። ከዚያ ያመለጠው ወደ ሳንባ በሚወስዱት ቧንቧዎች ውስጥ ባለው አክታ ላይ ይጣበቃል። በነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ እነርሱም ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ሳያቋርጡ እየተወዛወዙ አክታውን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ከዚያም ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ በሆድ ዕቃ አልፎም ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል። ይህ ሥራ በአብዛኛው በሰዓቶችና በጥቂት ቀኖች ይፈጸማል።

እጅግ የደቀቀው ትቢያ ግን አየርና ደም ወደሚገናኙባቸው የሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል። በዚያ ስፍራ እነዚያ ጠራጊ ፀጉሮች የሉም። ትቢያው የሚሟሟ ከሆነ ወደ ደም ይገባል፤ የማይሟሟ ከሆነ ግን በሳንባ ውስጥና በአቅራቢያው ባሉት ዕጢዎች ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቀመጣል።

ወደ ደም የገባውም ቢሆን እንደየጠባዩ የሚያርፍበት ስፍራ አለው። አዮዲን እንቅርት በሚወጣባት የአንገት ዕጢ ይከማቻል። ሲዚየም በሰውነት ሥጋ ሁሉ ይበተንና አብዛኛው በኩላሊት ተጣርቶ ከሽንት ጋር ይወጣል። ፕሉቶኒየም ግን በአጥንትና በጉበት ይሰፍራል፤ ከዚያም ለመውጣት አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ዋና ነገር አለ። ጨረር የሚያወጣ ነገር ወደ ሰውነት ሲገባ ሁለት ሰዓቶች ይቈጥራሉ። አንደኛው ነገሩ ራሱ ኃይሉን እየጨረሰ የሚሄድበት ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ሰውነት ጠርጎ የሚያስወጣበት ሰዓት ነው። ሲዚየም 137 በራሱ ጊዜ በግማሽ እስኪቀንስ 30 ዓመት ይፈጃል፤ ነገር ግን የአዋቂ ሰው ሰውነት ግማሹን በ100 ቀን ያህል ያስወጣዋል። አዮዲን 131 ደግሞ ዕጢዋ ሳትለቀው በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል።

እንግዲህ ዕድሜው አጭር የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ነውን? አይደለም። በጀርመን አገር በሽኔበርግ የማዕድን ቈፋሪዎች ለብዙ ዘመን በሳንባ በሽታ ያልቁ ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1879 ሄርቲንግና ሄሰ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በሽታው ካንሰር መሆኑን ገለጹ። ዋናው ምክንያት ከድንጋዩ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ መሆኑ የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ጋዙ ራሱ አብዛኛው ከትንፋሽ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ከርሱ የሚወለዱት ፖሎኒየም፣ እርሳስና ቢስመዝ ግን ከትቢያ ጋር ተጣብቀው በቧንቧዎቹ ላይ ይቀራሉ። ከነዚህ የመጀመሪያዎቹ ግማሽ ዕድሜያቸው ከ30 ደቂቃ በታች ስለ ሆነ፣ በሰዓቶች የሚሠራው ጠራጊ ሳይደርስባቸው ጨረራቸውን በዚያው ይለቃሉ። ይህ ጨረር ከውጭ ቢመጣ አንድ ወረቀት ያግደዋል፤ ከውስጥ ግን ሕያው ሥጋን ያለ ጋሻ ያገኘዋል።

ሐኪሞች ሰውነትን በጥቂቱ ሊረዱት ይችላሉ። በ1986 የቼርኖቢል አደጋ በደረሰ ጊዜ በፖላንድ ለሚሊዮኖች ሕፃናት ጨረር የሌለበት አዮዲን ታድሏል፤ ዕጢዋ በደኅናው ከጠገበች ክፉውን አትቀበልምና። በ1987 በብራዚል አገር በጎያኒያ ከተማ ሲዚየም ለነካቸው ሰዎች የፕሩሲያ ሰማያዊ የተባለው መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ሲዚየሙን በአንጀት ውስጥ እየያዘ እንዲወጣ አድርጓል። ራዶን በሳንባ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ግን የሚጠርግ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ስለዚህ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ጥበቃው በደጅ ሳለ መደረግ አለበት። ራዶን በማዕድን ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን ከመሬት እየወጣ በተዘጋ ቤት ውስጥም ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ በቤት ውስጥ ያለው ራዶን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ100 ቤክሬል እንዳይበልጥ መክሯል። ሲጋራ የሚያጤስ ሰው ደግሞ በራዶን የሚደርስበት የካንሰር አደጋ ከማያጤሰው እጅግ የበዛ ነው። እንግዲህ የምትሠሩበትን ጉድጓድ አየር አስገቡበት፤ የቤታችሁን መስኮት ክፈቱ፤ ሲጋራውንም ተዉ። ሳንባ የተሰጠውን አየር ይቀበላል እንጂ ሊመርጥ አይችልም፤ መምረጥ የሚችለው ባለቤቱ ነው።