ለአእምሮ ሕመምተኛው ሐቁን እንስጠው

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

እግሩ የተሰበረ ልጅ ሲኖረን በቃሬዛም ቢሆን ተሸክመን ወደ ሐኪም እንሮጣለን። አእምሮው የታወከ ልጅ ሲኖረን ግን ጓዳ እንደብቀዋለን፤ ሲብስበትም በሰንሰለት እናስረዋለን። ይህን የምናደርገው ጠልተነው አይደለም። ጎረቤት እንዳያውቅ፣ እህቱ ባል እንዳታጣ፣ እርሱም ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ፈርተን ነው።

በእርግጥ ሕክምናው ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ለበርካታ አሥርት ዓመታት በአገራችን የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም ነው። ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ የመሳፈሪያና የማደሪያ ወጪ አለ፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ደግሞ መመላለስ አለ። ብሩ ሲያጥር መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሕመሙም ያገረሻል። ያን ጊዜ «ሐኪም ቤት አልጠቀመውም» እንላለን።

ሌላው እንቅፋት ከእኛው ዘንድ ነው። «ጂን ነው፣ ሲሕር ነው፣ መርፌ ያባብስበታል» እያልን ዓመታት እናሳልፋለን። በጂንና በሲሕር መኖር እናምናለን፤ ሸሪዓው በፈቀደው ሩቅያም እንጠቀማለን። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ሳያደርግለት ያወረደው በሽታ እንደሌለ አስተምረው እንድንታከም አዘውናል። ቁርኣን የሚቀራለት ሰው ክኒኑን ይተው የሚል ትእዛዝ የለንም።

ቀደምቶቻችን ይህን ተረድተውት ነበር። ሱልጣን ቀላዉን በ683 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ላይ ያሠሩት ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንንም ያክም ነበር፤ ወጪውም በወቅፍ ይሸፈን ነበር።

እኛስ? በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉና ሩቅ ከመሄዳችን በፊት በአቅራቢያችን እንጠይቅ። አቅም ላነሰው ቤተሰብ የመስጂዱ ጀመዓ የመሳፈሪያና የመድኃኒት ቢያዋጣለት ትልቅ ሰደቃ ነው። ሩቅያ የሚያደርጉ ወንድሞቻችንም «መድኃኒትህን አታቋርጥ» ይበሉት፤ ድብደባንና ማስራብን ይከልክሉ።

አእምሮውን የሳተ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ብዕር ተነስቶለታል። አላህ የማይጠይቀውን ሰው እኛ በሰንሰለት ከቀጣነው ነገ መልሳችን ምን ይሆናል?

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ሰብሩን ይስጣቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።