የስም መዝገብና ፓይተን



ዛሬ የምንናገረው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከአየር ጤናም ከአጠና ተራም የሚመጡትን ተማሪዎች ስም ስለ መመዝገብና አሰልፎ ስለ ማውጣት ነው።

ፋይል ሲከፈት አንድ ፊደል ብዙ ያደርጋል። «ደብልዩ» ብለን ብንከፍተው የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ገና አንድ ቃል ሳንጽፍ ይጠፋል፤ «ኤ» ብንል ግን አዲሱ ስም ከነባሩ በታች ይቀጠላል። የአንድ ክፍል ዝርዝር እንዲህ በቀላሉ መጥፋቱ የሚያስደነግጥ ነው።

ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ስልት እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ «ኮልፌ» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። ስልቱን ሳንጠቅስ ብንከፍት፣ ሌላ ስልት የለመደ ኮምፒዩተር ወይ አልጽፍም ይላል፣ ወይ ሲያነብ ስሙን የማይነበብ ምልክት ያደርገዋል።

ለየስሙ 12 ቦታ ስጥ ቢባል ጉድለቱን በባዶ ቦታ ይሞላል፤ ሆኖም «ጨ» ከ«ር» ስለምትሰፋ ዓምዱ ይጣመማል። ከዚህ ጋር ከመታገል በኮማ ለይቶ ለሰንጠረዥ ፕሮግራም መስጠት ይሻላል እንላለን።

በፊደል ተራ መደርደሩ ግን ቀላል ነው፤ የዩኒኮድ ቁጥር ራሱ የሀ ለ ሐ መን ተራ ይከተላልና። ይሁን እንጂ አንዱ መምህር «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንዱ ልጅ ተራርቆ በሁለት ቦታ ይገኛል። ይህን ኮምፒዩተሩ አያውቅልንም። ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት የልጆቻችሁን ስም አጻጻፍ እንድታዩልን እንለምናለን።