ጂዳን በእግር፦ በመካ በር ያደረስነው አደራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

አላህ (ሱ.ወ) በተከበረው ቁርኣን በብዙ ቦታዎች ላይ በምድር እንድንሄድና ከእኛ በፊት የነበሩትን ፍጻሜ እንድንመለከት ያዘናል። እኛ ግን ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምናየው ሱቅ ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህን ስህተታችንን ስላረመችልን አንዲት እናት ነው።

ዑምራችንን ፈጽመን ወደ አገር ቤት የሚመልሰን አውሮፕላን እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ቀን በጂዳ ቀረን። ጓደኞቻችን ሁሉ ስለ ገበያ ያወራሉ፤ ለልጅ ጫማ፣ ለሚስት ሽቶ፣ ለጎረቤት ተምር። ከመካከላችን ግን ሰማንያ ዓመት የተጠጉ አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። «ልጆቼ፣ እኔን የመካ በር ከሚባለው አድርሱኝ» አሉን። እኛም «እናታችን፣ እሱ እኮ አሮጌ ሰፈር ነው፤ ፀሐዩም ይጎዳዎታል» ብለን ልናስተዋቸው ሞከርን። «የአባቴ አደራ አለብኝ» ሲሉ ግን አፋችን ተዘጋ። አደራ የሚለውን ቃል በሚምበር ላይ ስንት ጊዜ ያስተማርን ሰዎች አደራ ያለበትን ሰው ለገበያ ስንል ልናስቀር ነበርና አፈርን። አራት ሆነን አብረናቸው ወጣን።

ውድ አድማጮቻችን! የጂዳ አሮጌው ከተማ «አል‐በለድ» ይባላል። እንደ ሐረር ጀጎል በግንብ የታጠረ ነበር። ግንቡ የተሠራው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ፖርቱጋሎች በመርከብ ወደ ቀይ ባሕር እየገቡ የሐጅን መንገድ ባሰጉ ጊዜ፣ የግብጹ ሡልጣን ቃንሱህ አል‐ጉሪ የጦር አዛዡን ሑሴን አል‐ኩርዲን ልኮ አሠራው። እ.ኤ.አ. በ1517 ፖርቱጋሎች ከተማዋን ለመያዝ መጥተው ሳይሳካላቸው ተመልሰዋል። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1947 ከተማዋ ስትሰፋ ፈረሰ። ዛሬ ግንቡ ኖረም አልኖረም፣ የመካ በርን የመሰሉ መግቢያዎች ለማስታወሻ ቆመው ይታያሉ።

የገባነው በባሕሩ በኩል ነው። በመጀመሪያ ያለው የገበያ ጎዳና ነው፤ ሰው በሰው ላይ ይረማመዳል፤ ወርቅ፣ ጨርቅ፣ ስልክ፣ ጩኸት። ከዚህ ጎዳና ወደ ጎን በምትወስደው ጠባብ መንገድ ስንታጠፍ ግን ጩኸቱ ከኋላችን ቀረ። ግራና ቀኝ ሦስትና አራት ፎቅ ያላቸው ቤቶች ይቆማሉ። ድንጋያቸው ከባሕር የወጣ የዛጎል ድንጋይ ነው። በድንጋዩ መደዳ መካከል እንጨት በአግድም ገብቷል፤ ይህም የግድግዳውን ክብደት እኩል ያከፋፍላል። ከየመስኮቱ ወደ ውጭ የወጣው የተፈለፈለ እንጨት «ረዋሺን» ይባላል። ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ያስቀራል፣ በቤት ያሉ ሴቶችም ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩ ያደርጋል። ጠንካራው እንጨት ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው። ሐያእንና ቅዝቃዜን በአንድ መስኮት ማግኘት እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

አንዳንዱ ቤት ታድሷል፤ አንዳንዱ በብረት ተደግፎ ቆሟል፤ አንዳንዱም ፈርሶ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የነሲፍ ቤተሰብ ትልቅ ቤት ከነዛፉ ቆሟል፤ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ጂዳ ሲገቡ ያረፉበት ነው። ዐስርን የሰገድነው በሻፊዒይ መስጂድ ነው። ሚናራው ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው ይባላል። ከሰላት በኋላ እናታችን በመስጂዱ በር ተቀምጠው ሲያርፉ የአባታቸውን ነገር አወሩን።

አባታቸው ለሐጅ የወጡት ግንቡ ሳይፈርስ ነው። ከወሎ እስከ ምጽዋ በእግር፣ ከዚያም በሰንቡክ ባሕሩን ተሻገሩ። ጂዳ ሲደርሱ ታመሙ፤ ጓደኞቻቸውም ጥለዋቸው ሄዱ። ያን ጊዜ ጂዳ በቂ ውሃ አልነበራትም። የዝናብ ውሃ በጉድጓድ እየተጠራቀመ፣ በሻጭ እጅ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። አባታቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። በመካ በር አጠገብ ይኖር የነበረ አንድ ሰው፣ ስሙን ያልነገራቸው፣ ከቤቱ ጥላ ሥር አስተኝቶ እስኪድኑ ውሃ አጠጣቸው፤ ከዚያም ከሌላ ቅፍለት ጋር ወደ መካ ላካቸው። አባታቸው ይህን ለልጃቸው እየነገሩ «እኔ ብድሩን አልመለስኩም፤ አላህ ካደረሰሽ በዚያ በር ቆመሽ ዱዓ አድርጊለት» ብለው አደራ ሰጧቸው።

እዚህ ላይ ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ከመካ የሚሰደዱት ሶሐቦች ወደ ሐበሻ መርከብ የያዙት ከጂዳ በስተደቡብ ካለችው ከሹዓይባ ወደብ ነበር። ከእነርሱ መካከል ዑሥማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቅያ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። ከዓመታት በኋላ ዑሥማን ኸሊፋ ሲሆኑ፣ በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ የመካን ወደብ ከሹዓይባ ወደ ጂዳ ያዛወሩት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ጂዳን ለሐጃጆች በር ያደረጉት ሰው ራሳቸው አንድ ጊዜ በዚሁ ባሕር ስደተኛ ሆነው ወደ አገራችን ተሻግረው፣ በነጃሺ ጥላ ሥር ያረፉ ሰው ነበሩ። እንግዳ መቀበል በዚህ ባሕር በሁለቱም ዳርቻ የኖረ ውለታ ነው።

መንገዱ ሲጠብና ሲያጣምም ተሳሳትን። አንድ የቤት ዕድሳት ሠራተኛ አማርኛችንን ሰምቶ «ከወዴት ናችሁ?» አለን። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሥራውን ለጓደኛው አደራ ብሎ እናታችንን በክንዱ ደግፎ ወሰደን። የመዝሉም ሰፈርን አቋረጥን፤ «መዝሉም» ማለት «የተበደለው» ማለት ነው። ልጁ በዚህ ስም ፈገግ ብሎ «ስንቱ ስደተኛ በዚህ ስም ይጠራ ነበር!» አለን። እ.ኤ.አ. ከ2013 ማብቂያ ጀምሮ ከሳዑዲ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ቀልዱ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ገባን።

ከመካ በር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። እናታችን ድንጋዩን አልነኩም፣ አልሳሙም፤ በረካ ከድንጋይ እንደማይፈለግ ያውቃሉ። ፊታቸውን ወደ ቂብላ መልሰው፣ እጃቸውን አንስተው፣ ስሙን ለማያውቁት ሰው ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረጉ። ከዚያም ከቦርሳቸው ያወጡትን ገንዘብ ለዚያ ልጅ ሰጥተው «በዚህ ሰፈር ውሃ ገዝተህ ለጥም ሠራተኛ አጠጣልኝ» አሉት። ልጁ ያለቅሳል፤ እኛም እንደዚያው። የገዛነው አንድም ዕቃ አልነበረም፤ ከጂዳ ይዘነው የተመለስነው ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን! ከዚህ ጉዞ ሦስት ነገር ይዘን እንመለስ። አንደኛ፣ ለሐጅም ለዑምራም የሚሄድ ሰው ከገበያው ጎዳና አንድ መታጠፊያ ይውጣ፤ ያለፉትን ሰዎች ሥራ ይመልከት። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ያሉ አዛውንቶች ምን አደራ ይዘው እንዳሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ሞት ቀድሞ አይንገረን። ሦስተኛ፣ ያ የጂዳ ሰው ለአንድ የሐበሻ መንገደኛ የሰጠው ኩባያ ውሃ፣ ስሙ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላም ዱዓ ያስገኝለታል። በእኛም ደጃፍ ባለ ቋንቋ የለሽ እንግዳ፣ የገጠር ልጅ ወይም ስደተኛ ሊቆም ይችላል። ኩባያው ከእጃችን አይጥፋ።

አላህ አደራ ከሚያደርሱት፣ እንግዳ ከሚያከብሩት ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።