ከጀማ ገደል አፋፍ፤ የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ አጀማመር

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰጠ ንግግር)



ከስቱዲዮ ወጥቶ መልክዐ ምድርን ለማንሣት የሚሻ ጀማሪ ሁሉ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ሲል ይጠይቀናል። የእኔ መልስ «ደጋግመህ ልትመለስበት የምትችለው ቦታ የትኛው ነው?» የሚል ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የራሴን ስሕተት ላስቀድም። ከሙከ ጡሪ በለሚ በኩል ወደ መርሐ ቤቴ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ አፋፉ ላይ ስቆም ሸለቆውን በሞላ በአንድ ፎቶግራፍ ላስገባው ተመኘሁ። ወሩ ሚያዝያ፥ ሰዓቱም ከቀኑ 6 ሰዓት ነበር። አገሩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዚያ ወር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ጥላ ሲጠፋም ገደሉ ጥልቀቱን ያጣል። በእጄ የቀረው በአቧራ የደበዘዘ ምስል ብቻ ሆነ። ይባስ ብሎ ቀኑንም ሆነ የቆምኩበትን ስፍራ አልጻፍኩም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፥ አየሩ ጥርት ይላል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የገደሉን እርከኖች ይለያል፤ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት፥ ከሥሩም የአሸዋውና የኖራው ድንጋይ በየራሳቸው ይታያሉ። በማለዳ አፋፉ ሲበራ የሸለቆው ሥር ገና ጨለማ ነውና ብርሃኑን ለአፋፉ መጥኑ፤ ጥላው ጥላ ሆኖ ይቅር። ከፊት ለፊት ጎጆ ወይም መንገደኛ ይኑር፤ መለኪያ ከሌለ የገደሉ ግዝፈት አይታወቅም። ሰው ሲገባበት ግን አስቀድሞ ሰላምታ፥ ቀጥሎ ፈቃድ፥ ከዚያም ፎቶግራፍ ይሁን። ለዚህ ሁሉ የእጅ ስልክም ለጀማሪ ይበቃል።

ከብርሃኑ ይልቅ የሚበልጠው ግን መመለስ ነው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ መሐንዲሶች የሄዱበትን አገር በፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት ያህል በኋላ ያን ኒሰንና የሥራ ባልደረቦቹ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው ዳግመኛ አነሡ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ አስገራሚ ነገር ተገኘ፤ ምድሩ ያኔውም የተራቆተ ነበር፤ በብዙ ስፍራ ግን የዛሬው ከያኔው ይልቅ ለምልሟል። እርከን የሠሩና ዛፍ የተከሉ እጆች ምስክር አገኙ። የቀድሞው ፎቶግራፍ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም በግምት ብቻ «ድሮ ሁሉ ደን ነበር» እንዳልን በቀረን።

የመርሐ ቤቴና የመንዝ ተዳፋቶችስ ምስክራቸው ማን ነው? አፈሩ በየክረምቱ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ገበሬውም ድንጋይ እየካበ ይታገለዋል። ማን እንዳሸነፈ ነገ የሚነግረን ዛሬ ቀንና ቦታ ተጽፎበት የተቀመጠ ፎቶግራፍ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ አፋፍ እንምረጥ። የማይነቃነቅ ዐለት ምልክት ይሁነን፤ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት፥ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው አቅጣጫ እናንሣ፤ ቀኑንም እንጻፍ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ባያምርም ግድ የለም፤ ዋጋው ሁለተኛው በተነሣ ቀን ይታወቃል።